«ቁጥጥር» እና «ቻይነት»፤ የአንድ የሙያ ቃል ታሪክ ከኦሞ ሸለቆ አንጻር

የምሕንድስና ቃላትን ወደ አማርኛ ስንመልስ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረን ባዕዱ ቃል ሳይሆን የለመድነው ቃል ነው። ከእነዚህም አንዱ «ቁጥጥር» ነው። ቃሉ «ቈጠረ» ከሚለው ግስ በድግግሞሽ የተገነባ ሲሆን መሠረተ ሐሳቡ እየቈጠሩ ማመሳከር ነው። ስለዚህ «የሒሳብ ቁጥጥር» ስንል ቃሉ በቦታው ውሏል። በምሕንድስና ግን ቁጥጥር ሦስት ተግባራትን ያጠቃልላል፤ እነርሱም መለካት፣ የተለካውን ከተፈለገው ጋር ማነጻጸር፣ ልዩነቱንም ሳያቋርጡ ማረም ናቸው። የአማርኛው ቃል ሁለቱን ሲሸከም ሦስተኛውን፣ ማለትም እርማቱን፣ አይናገርም።

የሙያው ታሪክ ግን የሚጀምረው ከእርማቱ ነው። ጄምስ ዋት በ1788 እ.ኤ.አ. በእንፋሎት ሞተር ላይ ሁለት ተሽከርካሪ ኳሶች ገጠመ። ፍጥነቱ ሲጨምር ኳሶቹ ወደ ውጭ እየተገለጡ የእንፋሎቱን መግቢያ ያጠባሉ፤ ሲቀንስ ያሰፉታል። ዛሬ ግብረ መልስ የምንለው ይኸው ነው። ይህ መሣሪያ በእንግሊዝኛ የአገረ ገዥ ስም ተሰጠው፤ የስሙ ምንጭ ግን የመርከብ መሪ ያዥን የሚያመለክት የግሪክ ቃል ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. ጄምስ ክላርክ ማክስዌል እንዲህ ያለው መሣሪያ መቼ ሞተሩን እንደሚያረጋጋ፣ መቼም ራሱ የመናወጥ ምክንያት እንደሚሆን በሒሳብ አሳየ።

ከመቶ ዓመት በኋላ ሌላ ጥያቄ ተነሣ። መሐንዲሱ በወረቀት ላይ የሚያሰላው ሞዴል በመሬት ላይ ካለው ነገር ጋር ፈጽሞ አይተካከልም። ጆን ዶይል በ1978 እ.ኤ.አ. ባወጣው አጭር ጽሑፍ፣ በዘመኑ ከተመሰገኑት የንድፍ ዘዴዎች አንዱ የሞዴል ስሕተትን ለመቋቋም ምንም የተረጋገጠ ኅዳግ እንደማይሰጥ አሳየ። ጆርጅ ዜምስ በ1981 እ.ኤ.አ. ለችግሩ አዲስ የሒሳብ መንገድ ከፈተ። ከዚህ የተስፋፋው የሙያ ዘርፍ የሚጠይቀው፣ ዕውቀታችን ምን ያህል ቢጎድል ሥራው ከተወሰነለት ልክ ሳይወጣ ሊዘልቅ ይችላል የሚለውን ነው። ዋጋም አለው፤ ብዙ ስሕተት እንዲሸከም የተነደፈ ሥርዓት ብዙውን ጊዜ ከፍጥነቱና ከጥራቱ ይቀንሳል።

ይህን ዘርፍ «ጠንካራ ቁጥጥር» ብንለው አማርኛ አንባቢ የሚረዳው ጥብቅ ምርመራ ነው። ጉዳዩ የቃላት ብቻ እንዳልሆነ የኦሞ ወንዝ ያስረዳል።

በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ሞልቶ በዳሰነች ምድር 364 ሰዎች እንደ ሞቱ ተዘግቧል። ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስት እያንዳንዳቸው 187 ሜጋዋት በሚያመነጩ 10 ተርባይኖች በጠቅላላው 1,870 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የታቀደ ነው፤ ጎርፍን መቈጣጠርም ከጥቅሞቹ መካከል ተቈጥሯል። ነገር ግን ዳሰነች፣ ኛንጋቶም፣ ካራና ሙርሲ ማሽላቸውን የሚዘሩት ሙላቱ ሲሸሽ በሚተወው እርጥብ ደለል ላይ ነበር። ያው ወንዝ ሞትም እንጀራም ነበር።

እንግዲህ «ጎርፉን እንቈጣጠራለን» ምን ማለት ነው? ለመሐንዲሱ ውሃውን በተፈለገው ልክ መያዝ ነው። ለአድማጩ ግን «ጦሩ ከተማዋን ተቈጣጠረ» እንደሚባለው መማረክ፣ ከእጅ ማስገባት ነው። ለረጅም ዓመታት የደቡብ ኦሞ አስተዳደር መቀመጫ ሆና በቆየችው በጂንካ የሚሠራ አስተርጓሚ ይህን ዐረፍተ ነገር ወደ ኩሻዊው ዳሰነች፣ ወደ ናይሎቲኩ ኛንጋቶም፣ ወደ ሱርሚኩ ሙርሲ ሲመልስ የትኛውን ፍች ይያዝ? «በተፈለገው ልክ» የሚለው ሲቀር፣ ልኩን የፈለገው ማን ነው የሚለው ጥያቄም አብሮ ይቀራል። በ2016 ዓ.ም. በዳሰነች ወረዳ ውሃው ዳግመኛ ብዙ ሕዝብ አፈናቅሏል። ቃሉን በምርኮ ፍች የሰማ ሰው ተታለልሁ ቢል አይፈረድበትም።

በበኩላችን ለዘርፉ «ቻይ ቁጥጥር»፣ ለጠባዩም «ቻይነት» የሚሉትን እናቀርባለን። «ቻለ» በአማርኛ መሥራት መቻልንም መከራን መሸከምንም በአንድነት ይይዛል፤ ሙያው የሚሻውም ይህንኑ ጥምረት ነው። «ቻይ» ለሰው ጠባይ የሚነገር ቃል ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሆኖም «መሪ» የሕዝብም የመኪናም ሆኖ ማንንም አላደናገረም። «ጽኑ» ግን የማይነቃነቅን ስለሚያሳስብ ያለማቋረጥ ለሚያርም ሥርዓት አይስማማም።

«ቁጥጥር»ንም እንጣለው አንልም፤ ሥር ሰዷልና። ተርጓሚው ግን ቃሉን ብቻውን አይተወው። ምኑ እንደሚለካ፣ በማን ልክ እንደሚታረም፣ እስከ ምን ድረስ እንደሚችል አብሮ ይጻፍ። መቻል ወሰን አለው፤ ወሰኑን ያልተናገረ ትርጉም ጎዶሎ ነው።