የኢንግማር ቤርግማን ትዳርና ቤተ ሰብ

የሌላውን ሰው ትዳር አንሥቶ መጻፍ ከሐሜት የማይለይ መስሎ የሚታያቸው አንባብያን ይኖሩ ይሆናል። እኛም ብዕራችንን ከማንሣታችን በፊት ይህንኑ አስበን ነበር። ነገር ግን የስዊድኑ ፊልም አዘጋጅ ኢንግማር ቤርግማን የገዛ ቤቱን ጓዳ ራሱ ከፍቶ በፊልምና በመጽሐፍ ለዓለም ያሳየ ሰው ስለ ሆነ፣ የቤቱን ታሪክ ትቶ የሥራውን ታሪክ መናገር የሚቻል አይደለም። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቤርግማን በ1918 ጁላይ 14 ቀን በኡፕሳላ ከተማ ተወለደ። አባቱ ኤሪክ የሉተራን ቄስ ነበረ። በ1987 ባወጣው የሕይወት ታሪኩ እንደ ተረከው፣ በዚያ ቤት ጥፋት የሠራ ልጅ ይገረፋል፤ አልፎም በጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ ይዘጋበታል። አባትና እናቱ በምእመናን ፊት የተከበሩ ባልና ሚስት ቢሆኑም፣ እናቱ ካሪን ሌላ ሰው ወድዳ ትዳራቸው ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር። ልጁ ይህን ሁሉ እያየ አደገ። አንድ የልደት በዓል ለወንድሙ የተሰጠውን ትንሽ የሥዕል ማሳያ መኪና በቈርቈሮ ወታደሮቹ ለውጦ ወሰደ፤ ከዚያ ወዲያ በብርሃንና በጥላ ከመጫወት አልተመለሰም።

በ1943 ዳንሰኛይቱን ኤልሰ ፊሸርን አገባና ሴት ልጅ ወለዱ። ሚስቱና ሕፃኒቱ በሳንባ ነቀርሳ ታመው ሳሉ፣ እርሱ በሄልሲንግቦርግ የቴአትር ቤት ኀላፊ ሆኖ ኤለን ሉንድስትረምን ወደደ። በ1945 ተጋብተው መንታ የሆኑትን ጨምሮ አራት ልጆች አፈሩ። በ1949 ደግሞ እነዚህን ትቶ ከጋዜጠኛይቱ ከጉን ጋር ወደ ፓሪስ ሄደ፤ በ1951 አገባት፤ አንድ ወንድ ልጅም ተወለደ። በ1959 ፒያኖ ተጫዋቿን ኬቢ ላሬቴይን አገባ፤ ከእርሷም አንድ ወንድ ልጅ አገኘ። ይህ ጋብቻ በሕግ ሳይፈርስ፣ በ1966 ከተዋናይቱ ከሊቭ ኡልማን ሴት ልጅ ወለደ። በእነዚህ ዓመቶች ውስጥ ቤርግማን አንድ ጊዜ ለቴአትር፣ አንድ ጊዜ ለፊልም ሲሮጥ፣ ልጆቹን ያሳደጉ እናቶቻቸው ናቸው። ራሱም በስተርጅናው ለቤተ ሰቡ አንዳች ጥረት እንዳላደረገ ሳይደብቅ ተናግሯል። መናዘዙ መልካም ነው፤ ነገር ግን የልጅ ልጅነት ካለፈ በኋላ የመጣ ኑዛዜ ለማን እንደሚጠቅም እኛ አልገባንም።

በ1973 «የትዳር ትዕይንቶች» የተባለውን ሥራውን በስዊድን ቴሌቪዥን በስድስት ክፍል አሳየ። ባልና ሚስት ሆነው የተጫወቱት ኤርላንድ ዮሴፍሶንና ያችው ሊቭ ኡልማን ነበሩ። ያን ጊዜ በአገሩ ፍች የበዛው በዚህ ፊልም ምክንያት ነው ሲባል ኖሯል፤ ለአንድ ፊልም ይህን ያህል ሥልጣን መስጠት ግን ከመጠን ያለፈ ይመስለናል። በገዛ ቤቱ ሊያጸናው ያልቻለውን ነገር እንደዚያ አብጠርጥሮ ማወቁ ግን አያከራክርም።

አምስተኛይቱ ሚስት ኢንግሪድ ፎን ሮሰን ናት። በ1971 ተጋቡ፤ ሞት እስኪለያቸው ድረስም አብረው ኖሩ። ደብዳቤውን፣ ሒሳቡንና ቀጠሮውን የምትይዝለት እርሷ ነበረች። በ1976 ጃንዩወሪ 30 ቀን በስቶክሆልም ቴአትር ቤት ሲያለማምድ ፖሊሶች በግብር ጉዳይ ያዙት፤ ክሱ በኋላ ቢቀርም ኅሊናው ስለ ተናወጠ ሆስፒታል ገባ፤ ከዚያም አገሩን ትቶ ወደ ጀርመን፣ ወደ ሙኒክ ተሰደደ። ኢንግሪድም ተከትላው ሄደች። ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኛን የሚያስደንቀን፣ ከአምስት እናቶች የተወለዱትንና እርስ በርሳቸው እምብዛም የማይተዋወቁትን ልጆች ወደ ቤቱ መሰብሰቧ ነው። በ1978 ስድሳኛ ዓመቱ ሲከበር፣ ፎሮ በምትባለው ደሴት በሚገኘው ቤቱ ልጆቹ ተገናኙ። የኢንግሪድ ልጅ ማሪያም በዚህ ቤተ ሰብ ውስጥ የእንጀራ ልጅ ተብላ ትኖር ነበር። ማሪያ በ1959 ስትወለድ እናቷ የሌላ ሰው ሚስት ነበረች፤ እውነተኛ አባቷ ቤርግማን መሆኑን የሰማችው በ1981 ነው። ዘጠነኛው ልጅ በዚህ ዐይነት ታወቀ።

በ1982 ባወጣው «ፋኒና አሌክሳንደር» ውስጥ ከመንታዎቹ ልጆቹ አናና ማትስ፣ ከቀድሞ ሚስቶቹም ኬቢ ላሬቴይ ተጫውተዋል። በ1992 ደግሞ ልጁ ዳንኤል አባቱ የጻፈውን የልጅነት ታሪክ በፊልም አዘጋጀ። ቤርግማን ልጆቹን በማዕድ ዙሪያ ካገኛቸው ይልቅ በሥራ ላይ ሳያገኛቸው አልቀረም።

ኢንግሪድ በ1995 በካንሰር ሞተች። እርሷ፣ ቤርግማንና ማሪያ በሕመሟ ጊዜ በየፊናቸው የጻፉት ማስታወሻ በ2004 አንድ መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። ከዚያ በፊት፣ በ2003፣ «ሳራባንድ» የተባለውን የመጨረሻ ፊልሙን አዘጋጅቶ መታሰቢያነቱን ለእርሷ አድርጓል። በፊልሙ ውስጥ አና የተባለች የሞተች ሴት አለች፤ ቤተ ሰቧ ሁሉ በእርሷ ናፍቆት ይሠቃያል፤ ተመልካቹ የሚያያት ግን በፎቶግራፍ ብቻ ነው። ፎቶግራፉ የኢንግሪድ ነው።

ቤርግማን በ2007 ጁላይ 30 ቀን በፎሮ ዐረፈ። የኢንግሪድም ዐፅም ከነበረበት መቃብር ተነሥቶ በዚያችው ደሴት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ከእርሱ ጋር ተቀበረ።