የስርዓተ ክወና ስሪትን ወደ ኋላ መመለስ

የስርዓተ ክወና ስሪትን ወደ ኋላ መመለስ፣ በተለምዶ ዳውንግሬድ የሚባለው፣ በኮምፒውተር ላይ የተጫነን አዲስ የስርዓተ ክወና ስሪት አንስቶ ቀደም ብሎ በወጣ ስሪት መተካት ነው። ከዊንዶውስ 11 ወደ ዊንዶውስ 10 መመለስ አንዱ ምሳሌ ነው። ስሪትን ማሳደግ ፋይሎችን፣ ፕሮግራሞችንና ቅንብሮችን ይዞ ይሻገራል፤ ወደ ኋላ መመለስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁሉን አጥፍቶ እንደገና መጫንን ይጠይቃል። አዲሱ ስሪት ሲሠራ አሮጌው ይታወቅ ነበር፤ አሮጌው ሲሠራ ግን አዲሱ ገና አልነበረም።

ምክንያቶች

ተጠቃሚዎች ወደ ቀድሞ ስሪት የሚመለሱት ብዙ ጊዜ አዲሱ ስሪት ኮምፒውተሩን ሲያዘገየው፣ ለፕሪንተር ወይም ለስካነር የሚሆን ድራይቨር ሲጠፋ፣ ወይም ለሥራ የሚያስፈልግ የቆየ ፕሮግራም አልከፈት ሲል ነው።

በታሪክ የታወቀው ምሳሌ ዊንዶውስ ቪስታ ነው። ቪስታ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 30 ቀን 2007 ለሕዝብ ሲቀርብ ከዊንዶውስ ኤክስፒ የበለጠ ሜሞሪና የተሻለ የግራፊክስ ካርድ ይፈልግ ነበር፤ ብዙ ነባር ዕቃዎችም የሚስማማ ድራይቨር አልነበራቸውም። የማይክሮሶፍት ፈቃድ ከኮምፒውተር ጋር የተሸጡ የቪስታ ቢዝነስና አልቲሜት እትሞች ባለቤቶች ወደ ኤክስፒ ፕሮፌሽናል እንዲመለሱ ይፈቅድ ነበር። የቤት እትሞች ግን ይህ መብት አልነበራቸውም።

የመመለሻ መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ በጊዜ ገደብ ውስጥ መመለስ ነው። ዊንዶውስ ስሪቱ ሲያድግ የቀድሞውን ስርዓት «ዊንዶውስ.ኦልድ» በተባለ አቃፊ ያስቀምጣል። አቃፊው እስካለ ድረስ በቅንብሮች ውስጥ «ሲስተም»፣ ቀጥሎ «ሪከቨሪ»፣ ከዚያም «ጎ ባክ» የሚለውን በመምረጥ መመለስ ይቻላል። የግል ፋይሎች በቦታቸው ይቆያሉ፤ ከማሳደጉ በኋላ የተጫኑ ፕሮግራሞችና የተለወጡ ቅንብሮች ግን ይጠፋሉ። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ የተሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነበር፤ በ2016 ወደ 10 ቀን አጠረ። በዊንዶውስ 11ም የተለመደው 10 ቀን ነው። ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ አቃፊውን የሰረዘ ሰው ቀኑ ባያልቅም ይህን ዕድል ያጣል።

ሁለተኛው መንገድ ከባዶ መጫን ነው። ይህም በኢትዮጵያ በተለምዶ «ፎርማት ማድረግ» የሚባለው ነው። የቀድሞው ስሪት መጫኛ በፍላሽ ላይ ተዘጋጅቶ ኮምፒውተሩ ከፍላሹ እንዲነሳ ይደረጋል፤ ስርዓቱ ያለበት የዲስክ ክፍል ይጠረግና አሮጌው ስሪት ይጫናል። በዴስክቶፕና በ«ዶክመንትስ» ውስጥ የሚቀመጡ ፋይሎች ብዙውን ጊዜ በዚሁ ክፍል ስለሚገኙ፣ ምትኬ ከሌላቸው አብረው ይጠፋሉ።

ገደቦች

አሮጌ ስሪት በሁሉም ኮምፒውተር ላይ አይሠራም። የዊንዶውስ 7 መጫኛ የዩኤስቢ 3.0 ድራይቨር ስለሌለው፣ በአንዳንድ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ በመጫን መሃል ኪቦርድና ማውስ ሥራ ያቆማሉ። የአፕል ማክ ኮምፒውተሮችም በአጠቃላይ ሲሸጡ አብሯቸው ከመጣው በፊት የወጣ ስሪት አይቀበሉም። በአይፎን ላይ ደግሞ አፕል ለአሮጌው ስሪት ዲጂታል ፊርማ መስጠት ካቆመ ያን ስሪት በተለመደው መንገድ መጫን አይቻልም። በአዲስ ስሪት የተያዘ የአይፎን ምትኬም አሮጌ ስሪት ባለው ስልክ ላይ አይመለስም።

የደህንነት አደጋ

ዋናው ጉዳት የሚታየው ከተመለሱ በኋላ ነው። ድጋፉ ያበቃ ስሪት አዲስ የደህንነት ማስተካከያ አያገኝም። በአዲሱ ስሪት የተገኘ ክፍተት በአሮጌውም ውስጥ ሊኖር ስለሚችል፣ ለአዲሱ የሚወጣው ማስተካከያ ራሱ ለአጥቂዎች የአሮጌውን ድክመት ይጠቁማል። የኤክስፒ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በአፕሪል 8 ቀን 2014 አበቃ። በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ሲሰራጭ ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ ልዩ ማስተካከያ አወጣ፤ ይህ ግን ከተለመደው አሠራር የወጣ ነበር። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል።

ከመጀመር በፊት

የግል ፋይሎችን በውጫዊ ዲስክ ላይ መገልበጥና ቅጂው በሌላ ኮምፒውተር መከፈቱን ማረጋገጥ፣ ለአሮጌው ስሪት የሚሆኑ ድራይቨሮችን በተለይም የኔትወርኩን አስቀድሞ ማውረድ፣ የፈቃድ ቁልፍን መያዝ፣ ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነም የመክፈቻ ቁልፉን መዝግቦ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ችግሩ የአንድ ድራይቨር ወይም የአንድ ፕሮግራም ብቻ ከሆነ ድራይቨሩን ብቻ ወደ ቀድሞው መመለስ፣ ወይም አሮጌውን ስርዓት በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ማስኬድ፣ ሙሉ ስሪቱን ሳይነኩ ሊፈታው ይችላል።