«ጆ» ብለው የሚጠጡት ይርጋጨፌ

አሜሪካዊ ጠዋት ሥራ ከመግባቱ በፊት «አንድ ስኒ ጆ» ካለ ቡና ማለቱ ነው፤ የአራዳ አነጋገር ነው። ብዙዎች አመጣጡን ከአሜሪካ የባሕር ኃይል ሚኒስትር ከነበሩት ከጆሴፈስ ዳንኤልስ ጋር ያያይዙታል። እ.ኤ.አ. በ1914 በመርከብ ላይ መጠጥ ሲከለክሉ፣ ቡና ብቻ የቀረለት መርከበኛ በስማቸው ጠራው ይባላል። እኔ ግን አልቀበለውም። ተራው መርከበኛ የሩም ድርሻው የቀረበት ገና በ1862 ነው፤ የዳንኤልስ ትእዛዝ የነካው የመኮንኖቹን ወይን ነበር። «ጃቫ» እና «ሞካ» ተጣምረው «ጃሞክ»፣ ኋላም አጥሮ «ጆ» ሆነ የሚለው ይሻላል። ሞካ የየመን ወደብ ነው፤ የሐረር ቡና ሳይቀር ባሕር ተሻግሮ በሞካ ስም ሲቸበቸብ ኖሯል።

የሚያሳዝነኝም ይኸው የስም ነገር ነው፤ ቡናው በሌላ ስም ሲጠራ የበቀለበት አገር ይረሳል። ዲላ የቡና ንግድ ያሳደጋት የጌዴኦ ከተማ ናት። ከዚያ ወደ ይርጋጨፌ ሲዘለቅ ቡናው ከእንሰት ጋር ተሰባጥሮ በዛፍ ጥላ ሥር ይታያል። ገበሬው ዓይነቱን ለይቶ ኩሩሜ፣ ደጋ፣ ወሊሾ ይለዋል። ቀይ እሸቱ ተለቅሞ መፈልፈያ ጣቢያ ይገባል፤ ተፈልፍሎ በገንዳ ይብላላል፣ ታጥቦ በማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል። ሴቶች በአልጋው ግራና ቀኝ ቆመው የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን፣ የጠቆረውን አንድ በአንድ ይለቅማሉ። ለዚህ ቡና ደምም ፈሷል። በ1952 ዓ.ም. ባለመሬቶች ከምርቱ የሚወስዱት ድርሻ ያንገፈገፈው የያኔው የደራሳ አውራጃ፣ የዛሬው ጌዴኦ፣ ገበሬ ሚቺሌ ላይ ጦር ይዞ ጠመንጃ ገጥሟል።

በስሙ ላይ የተደረገው ሙግት የመጣው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ይርጋጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ፤ የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበርም ተቃወመ። ከብዙ ክርክር በኋላ በ2007 የአሜሪካው ቡና ሻጭ ኩባንያ ስታርባክስ በስሞቹ ለመጠቀም የፈቃድ ስምምነት ፈረመ። በ2023 ደግሞ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

በውጭ የምትኖሩ ወገኖች፣ እንደ አገሬው «ጆ» ብላችሁ ብታዝዙም ቡናው ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ይርጋጨፌ ነው ካሏችሁ፣ ይርጋጨፌ ያለው ጌዴኦ መሆኑን ንገሩልን።