የማርስ ቤትና የጨፋ መስክ

ሰኔ 18 ቀን 2015 ዓ.ም. በአሜሪካ ሂውስተን ከተማ አራት ሰዎች ወደ አንድ ቤት ገቡ፤ በሩም ተዘጋ። የተከፈተው ከ378 ቀናት በኋላ ነው። ቤቱ ናሳ በስሪዲ ፕሪንተር ያሠራው፣ 158 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የማርስ ኑሮ መለማመጃ ነው።

የእነዚህ ሰዎች የቀን ውሎ እንደሚታሰበው የሮኬት ጀብዱ አይደለም። ጤናቸውን ይለካሉ፣ የታሸገ ምግብ ያዘጋጃሉ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ይንከባከባሉ፣ የተበላሸ ዕቃ ይጠግናሉ። ከቤቱ ጋር በተያያዘው ቀይ አሸዋ በተነሰነሰበት ክፍል የጠፈር ልብስ ለብሰው ይሠራሉ። ወደ ውጭ የሚልኩት መልእክት እንዲዘገይ ይደረጋል፤ መዘግየቱ በአንድ አቅጣጫ እስከ 22 ደቂቃ ይደርሳል። «እንዴት አደራችሁ?» ብሎ ምላሹን ለመስማት 44 ደቂቃ መጠበቅ አለ ማለት ነው።

ሰውን ዘግቶ የማጥናት ታሪክ ቀደም ያለ ነው። ከመስከረም 1984 እስከ መስከረም 1986 ዓ.ም. ስምንት ሰዎች በአሪዞና በረሃ ባዮስፌር 2 በተባለ የመስታወት ሕንፃ ውስጥ ኖረዋል። የራሳቸውን ምግብ ያመርቱ ስለነበር ረሃብ ፈትኗቸዋል። በአየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከ21 በመቶ ገደማ ወደ 14 በመቶ ወርዶ ከውጭ ተጨምሮላቸዋል። ኦክስጅኑ ሲስተካከል ያልተስተካከለው ግንኙነታቸው ነው፤ ስምንቱ አራት ለአራት ተከፍለው ተኳርፈው ነበር።

ከግንቦት 2002 እስከ ጥቅምት 2004 ዓ.ም. ደግሞ ስድስት ወንዶች በሞስኮ 520 ቀናት ተዘግተው ኖሩ። በኋላ የወጡት ጥናቶች እንደሚያሳዩት የአንዳንዶቹ እንቅልፍ ተዛብቷል፤ እንቅስቃሴያቸውም ቀንሷል። ከተመዘገቡት ግጭቶች 85 በመቶው የመጣው ከሁሉ በላይ ጭንቀትና ድካም ከተሰማቸው ሁለት ሰዎች ነው። ከሁሉም የሚገርመው ግን ከውጭ ሆኖ ከሚያዛቸው የቁጥጥር ማዕከል ጋር የተጋጩት እርስ በርስ ከተጋጩት አምስት እጥፍ መሆኑ ነው። እዚያው ያለውን ሰው ቢያንስ ችግሩን ያውቀዋል፤ ከሩቅ የሚያዘው ግን አያውቀውም።

በማርስ ጥናት የኢትዮጵያ ስም የሚነሳው በዳሎል ነው። ተመራማሪዎች በዚያ ጨውና አሲድ ውስጥ ሕይወት ይኖር እንደሆነ ይፈትሻሉ። በ2011 እና በ2012 ዓ.ም. የወጡ ሁለት ጥናቶች እንኳ አልተስማሙም፤ አንዱ እጅግ ጥቃቅን ሕዋሳት አግኝቻለሁ ሲል፣ ሌላው በጣም አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ሕይወት የለም አለ። ከአገራችን ለማርስ የሚፈለገው እንግዲህ ድንጋዩና ጨዉ ነው። ሂውስተንና ሞስኮ የፈለጉት ሌላው እውቀት፣ ማለትም ጥቂት ነገርን ሳይጣሉ ተካፍሎ የመኖር ዘዴ፣ እዚህ መኖሩን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ለዚህ የጨፋን ረግረግ ማየት ይበቃል። ቦርከና የሚያጠጣው ይህ መስክ በጋ ሲጠና የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ ከብት መሰብሰቢያ ነው። በ1994 ዓ.ም. ድርቅ ወቅት የወጣ የተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት ጨፋን የ50 ሺህ አርብቶ አደሮችና የ200 ሺህ እንስሳት መጠለያ ብሎታል። ማን የት ይግጥ? ማን አስቀድሞ ያጠጣ? ከብት የገባበት ማሳ በምን ይካሳል? ይህን ሲወስኑ የኖሩት ሽማግሌዎች ናቸው። በኦሮምኛ ጨፌ ማለት ረግረጋማ መስክም ነው፣ ጉባኤም ነው። ግጦሹና ምክክሩ በአንድ ቃል መጠራታቸው የቆየውን ሥርዓት ይናገራል።

ንጽጽሩ ልክ አለው። የማርስ ቤት ነዋሪዎች ፈቅደው የገቡ ናቸው፤ አደጋ ሲመጣም ይወጣሉ። በየካቲት 2010 ዓ.ም. በሃዋይ ተራራ ላይ የተጀመረ ልምምድ አንድ አባል ሆስፒታል በመግባቱ በአራተኛው ቀን ቆሟል። ድርቅ ያባረረው እረኛ ግን የሚያቋርጠው ልምምድ፣ ከፍቶ የሚወጣበትም በር የለውም። የጨፋ ሥርዓትም ሁልጊዜ አልሠራም። እርሻው ሲሰፋ ግጦሹ ጠቧል፤ በቅርብ ዓመታት አካባቢውን የጎበኘው ግጭትም የሽማግሌዎችን ቃል ክፉኛ ፈትኖታል።

ስለዚህም ነው ጉዳዩ የሚያሳስበው። በሞስኮ የስድስት ሰዎች እንቅልፍ ሳይቀር ተለክቶ ተጽፏል። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ መስክ የከረሙበት ሕግ ግን አብዛኛው ያለው በአዛውንቶች አንደበት ነው። ስለ ጨፋ መሬት የሚወስን ባለሥልጣንም ሆነ ባለሀብት ካርታውን ከመዘርጋቱ በፊት እነሱን ቁጭ ብሎ ቢያዳምጥ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲም ደሴ ላይ ቅርብ ነውና የሚሉትን ቢመዘግብ፣ ወጪው ከአንድ የማርስ ቤት እጅግ ያነሰ ነው። አዛውንቶቹ ካለፉ በኋላ ግን በምንም ገንዘብ አይገኝም።