መጤ እስከ መቼ መጤ ነው?

እስቲ ከደሴ ወደ መካነ ሰላም ስትጓዙ የቦታዎቹን ስም ልብ በሉ። ለጋምቦ ወረዳ ውስጥ ቱሉ አውሊያን ታገኛላችሁ። «ቱሉ» በኦሮምኛ ኮረብታ ማለት ነው፤ «አውሊያ» ከዐረብኛ የመጣ የቅዱሳን መጠሪያ ነው። መካነ ሰላም ያለችበት ወረዳ ደግሞ ቦረና ይባላል፤ ከሁለቱ ታላላቅ የኦሮሞ ነገዶች የአንዱ ስም መሆኑ ነው። ነዋሪው ግን የሚያወራው አማርኛ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ኦሮሞዎች ቤተ አምሐራ ይባል ወደነበረው ወደዚህ ደጋ ገቡ። በገዳ ሥርዓት ውስጥ «ሞጋሳ» የሚሉት ደንብ ነበር፤ ባዕድ የሆነ ሰው የጎሳው ስም ወጥቶለት አባል ይሆናል። ሁሉም በፈቃድ ነበር ማለት አይደለም፤ ጦርነትም ነበር፣ መገበርም ነበር። ግን መግቢያ በር ነበረው። በጊዜ ብዛት ደግሞ የመጪዎቹ ልጆች አማርኛ ተናጋሪ ሆኑ። ዛሬ ማን ነባር፣ ማን መጤ እንደነበር ለዩ ብትባሉ ትቸገራላችሁ።

አሁን ወደ 1977 ዓ.ም. እንምጣ። በድርቁ ጊዜ ደርግ 600,000 ገደማ ሰው ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ መተከልና ጋምቤላ አሰፈረ፤ ከግማሽ በላዩ ወሎዬ ነበር፤ ተገዶ የሄደም ብዙ ነው። የትናንቱ አገሬ በተራው ሰፋሪ ሆነ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሁለት ነገር ይላል፦ ማንም ዜጋ በፈለገበት መኖር ይችላል፤ ብሔረሰቦችም ራሳቸውን ያስተዳድራሉ። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ይጋጫሉ። መተከል ያለበት የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በ1995 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ አምስት ብሔረሰቦችን የክልሉ ባለቤት ሲል፣ ሌሎቹን ነዋሪ ብሎ ነው ያወቃቸው። በዚያው ዓመት የፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ የብሔረሰቡን ቋንቋ አታውቁም ተብለው ከ1992ቱ ምርጫ በታገዱ ዕጩዎች ጉዳይ ላይ፣ የክልሉን የሥራ ቋንቋ አማርኛን ማወቅ ይበቃል ሲል ወሰነ። ለመመረጥ በሩ ተከፈተ፤ «ባለቤት» ለመሆን ግን አልተከፈተም።

ነባሩ ሕዝብ መሬቴንና ቋንቋዬን እንዳልነጠቅ ቢሰጋ ምክንያት አለው። እዚያው ተወልዶ እዚያው የወለደውስ? ስንት ትውልድ ሲቆጥር ነው ከነዋሪነት ወደ ባለቤትነት የሚሻገረው? ሕጉ ቁጥር አልሰጠም። ራስን ማስተዳደር በር ይፈልጋል፤ በሩ ደግሞ መግቢያ ከሌለው አጥር ነው። ቱሉ አውሊያ ስትደርሱ ይህን አስቡት።