የግራኒ ድርጎ

የባሕር እንስሳ በሰው ቤት ውስጥ መኖር እንዴት ቻለ ሲባል የተለመደው መልስ የሳይንስ ግኝት ነው። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን በ1850 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ዕፅዋትና እንስሳት አንዱ ለሌላው የሚያስፈልገውን እየሰጡ ሳይለወጥ በቆየ ውሃ ውስጥ አብረው መኖር እንደሚችሉ አሳየ። በ1853 የለንደን የእንስሳት ማቆያ የዓሣ ቤት ለሕዝብ ከፈተ፤ በዓመቱ ደግሞ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ «ዘ አኳሪየም» የተሰኘ መጽሐፉን አወጣ። ወረቱም በመላ እንግሊዝ ተዛመተ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ውሃ የሚቀዳውንና የሚለውጠውን፣ መጥኖ የሚመግበውንም ሰው ይዘነጋል። እኔ እንደማምነው እነዚህን እንስሳት ቤት ውስጥ ያኖራቸው በመጀመሪያ የእሱ እጅ ነው፤ ግኝቱ የመጣው ኋላ ነው።

ማስረጃዬ አንዲት አኔሞን ናት። አኔሞን አበባ ይመስላል እንጂ ሥጋ በል እንስሳ ነው። ጆን ግርሃም ዳልየል የተባለው የስኮትላንድ ተመራማሪ በ1828 ከኖርዝ ቤሪክ የባሕር ዳርቻ አንዲት ቀይ አኔሞን ወስዶ ኤዲንብራ በሚገኘው ቤቱ በመስታወት ዕቃ ውስጥ አስቀመጣት። ከዋሪንግተን ሙከራ 22 ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው። ዳልየል ተሸካሚ እየቀጠረ ንጹሕ የባሕር ውሃ ያስመጣ ነበር። ኋላ «ግራኒ»፣ ማለትም አያት፣ ተብላ የታወቀችው ይህች እንስሳ ድርጎዋ በየአሥራ አምስት ቀኑ ግማሽ መስል ነበር፤ መስል በዛጎል ውስጥ የሚኖር ትንሽ የባሕር እንስሳ ነው። ድርጎው ያነሰበት ምክንያት አለው። አኔሞን ያላት አንድ አፍ ብቻ ነው፦ ምግቡን በሚናደፉት ክሮቿ ይዛ ወደዚያ ትስባለች፣ ያልተፈጨውንም በዚያው ትተፋለች። ትርፉ በጠባብ ዕቃ ውስጥ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። አብዝቶ ያበላ ሰው የገደላት በደግነቱ ነው።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። የግራኒ ዘር ማዕበሉ ሲሸሽ በድንጋይ ላይ ተኮማትሮ፣ ቀይ ድቡልቡል ነገር መስሎ፣ ውሃው እስኪመለስ የሚጠብቅ ጠንካራ ፍጡር ነው፤ በአንድ ጠንካራ ፍጡር ስለሌላው ሁሉ መፍረድ አይቻልም። ልክ ነው። ነገር ግን አና ቲን በ1846 ከቶርኪ ወደ ለንደን ያመጣችው ኮራል ነበር። እነዚያንም በሕይወት ያቆየቻቸው የቤት ሠራተኛዋ ናት፤ በየቀኑ ክፍት መስኮት አጠገብ ቆማ ውሃውን ከዕቃ ወደ ዕቃ እየገለበጠች አየር ታስገባበት ነበር። ቲን የባሕር ዕፅዋት የጨመረችው ከዚያ በኋላ ነው። የሠራተኛዋ ስም ሲነሣ አለመሰማቱ ያሳዝነኛል፤ የዚህ ሙያ እናት እሷ ነበረችና። የዋሪንግተንን ግኝት ማናናቄ አይደለም፤ ከባሕር ርቆ ለሚኖር ሰው ድካሙን አቅልሎለታል። ድካሙን ግን አላስቀረውም።

ብዙ ገዢዎች ግን መስታወቱ ራሱን በራሱ የሚያኖር መሰላቸው። በ1860ዎቹ መጨረሻ ወረቱ በርዶ ነበር። የጎስ ልጅ ኤድመንድ በ1907 ባሳተመው መጽሐፍ እንደመሰከረው፣ አባቱ ያስተዋወቃቸው የባሕር ዳር ኩሬዎች በሰብሳቢዎች ተራቁተዋል። ግራኒ በበኩሏ ዳልየል በ1851 ሲሞት ወደ ፕሮፌሰር ጆን ፍሌሚንግ አለፈች፤ ከዚያም ውሃዋን የሚለውጥላትና ድርጎዋን የሚሰጣት ተረካቢ አላጣችም። በ1857 በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ልጆች ወለደች። የሞተችው በነሐሴ 1887፣ ከባሕር በወጣች በ59 ዓመቷ ነው።