ታኮ የምትጥል መኪና

የዘንድሮ መኪና “የሾፌር ረዳት” አላት አሉ። ለጅማ ሰው ረዳት ብርቅ ነው እንዴ?

አፄ ምኒልክ መኪና ያዩት በ1900 ዓ.ም. ነው። የጅማን የመኪና መንገድ ጣሊያን በወረራው ዘመን (1928-1933) ሠራው። ኋላ ቮልስ መጣች። ሞተሯ ከኋላ ሆኖ ጎማዋን ጭቃው ላይ ይጫንላታል፤ በአየር ስለሚቀዘቅዝም ግቤ በረሃ ላይ “ውኃ ፈላ” ብሎ ነገር የለም። ዳገት ላይ ከቆመች ግን አንዱ ልጅ ዘሎ ወርዶ ታኮ ይጥላል። የቤተሰቡ ረዳት እሱ ነበር፤ ደሞዙ ቆሎ!

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ሲከለከል ኤሌክትሪኮቹ በረከቱ። ብዙዎቹ ዳገት ላይ ፍሬናቸውን ራሳቸው ይይዛሉ። መስመር ጠባቂዋ ካሜራ ግን የምታነበው የአስፋልቱን ቀለም ነው፤ ቀለሙ ከለቀቀ ዝም ትላለች። ያኔ አጋሮ መንገድ ላይ፣ ከኋላ ወንበር “አባዬ፣ ዳሩን ያዝ!” የሚል ልጅ ይፈለጋል።